ለእናቴ የተከለከለው የእናቴ ድምፅ

ለሃልሲ ግሪን የጥቁር ሕዝቦች ታሪክና ባህል ምርምር ቤተ መጻሕፍት ዋና ኃላፊ፣ ለክቡር ዶክተር ሊላንድ ዊትፊልድ
ሳቫና ከተማ

ክቡር ሆይ፤ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንደ ቤተ መጻሕፍትዎ ክፍሎች ሙቀትዎ ከፍ ዝቅ ሳይል፣ አቧራም ሳይነካዎ እንዲኖሩ የዘወትር ጸሎቴ ነው። የእናቴን የወይዘሮ ሉቬኒያን ድምፅ ከእሳት፣ ከውኃ፣ ከሌባና ከእናቴ ስለጠበቁልን እጅግ አመሰግናለሁ።

እንደሚያውቁት በቤተ ክርስቲያናችን የድሮው መዝሙር ከመጽሐፍ አይነበብም፤ አንድ ሰው ስንኙን ያወጣል፣ ምእመኑ እያስረዘመ ይቀበላል። አውጪዋ እናቴ ነበረች። ባለሙያዎችዎ ሳሎናችን ድረስ መጥተው ዝማሬዋን ሲቀርጹ፣ እሷ ደግሞ ወሬው ደራላትና የምእመናኑን ጉድ በዚያው ላይ ዘከዘከችው። በኋላ ደንግጣ፣ "እኔ ሳልሞት እንዳትከፍቱት! ይሄን ሰምቶ ማን ሊቀብረኝ ነው?" ብላ የእገዳውን ውል ፈረመች። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግማሽ አካሏ አይታዘዝላትም፣ አንደበቷም ተዘግቷል። ትሰማለች፤ እሑድ ሲሆን ከንፈሯን ለመዝሙሩ ታሰናዳለች፣ ድምፅ ግን የለም። እኔ ላወጣላት ብሞክር ክንዴን ቆንጥጣ አስቆመችኝ። የምትፈልገው የራሷን ድምፅ ነው። ስለዚህ ቀረጻውን ወስጄ ላሰማት ብዬ ወደ እርስዎ ቢሮ መጣሁ፤ ያገኘሁትም መስተንግዶ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ጉዱን ትታችሁ መዝሙሩን ብቻ ስጡኝ ብል፣ ቅርስ አይቆረጥም ተባልኩ። እሺ፣ አይቆረጥ።

፪ኛ፤ እገዳውን ማንሳት የምትችለው እናቴ ራሷ ብቻ፣ ያውም በገዛ ድምፅዋ መቅረጫ ፊት ተናግራ መሆኑ ተነገረኝ። በምን አፏ፣ ክቡር ሆይ? ራሷን ነቅንቃ ብትፈቅድስ ብዬ ነበር፤ ንቅናቄ አይቀረጽም አላችሁኝ። ትሁቷ ሠራተኛዎ ወይዘሪት ሻንቴል ግን እንዲህ ስትል አጽናናችኝ፦ "አይዞዎት እትዬ ኢርሊን፣ እናትዎ ባረፉ ማግስት ለሁሉም ሰው ክፍት ይሆናል።" ለሁሉም! ከእሷ በቀር ለሁሉም።

፫ኛ፤ የለም፣ ሦስተኛ የለኝም። ቁጥሩን የጀመርኩት ለወጉ ነበር። ጨንቆኛል፣ ክቡር ሆይ። በየትኛውም በር ብወጣ የምደርሰው እዚያው እርስዎ ደጅ ላይ ነው።

ድምፅ ላላቸው ሁሉ በራችሁ ክፍት መሆኑን እያደነቅሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሉቬኒያ ልጅ፣ ኢርሊን ቲስዴል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ሮስኮ በመጪው እሑድ በጉባኤ ፊት ለእናቴ ሊጸልዩላት ነው፤ "ምን ብዬ ልለምንላት፣ ልጄ?" ብለው ጠየቁኝ። በደንባችሁ መሠረት ያለን ምርጫ እንድትናገር ወይም እንድትሞት ነው፤ ትናገራለች የሚለውን ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠውበታል። እኛ በራሳችን ሥልጣን መወሰን ስላልደፈርን፣ የትኛውን እንድንለምን እንደሚሹ እስከ ቅዳሜ ያሳውቁን።