ፍቅር የለቀመችውን ለምን መልሳ ትቀላቅላለች

ይድረስ ለልጄ ለትርሲት፣ ኩዌት

ፍቅርን ቡና ለቀማ አላስቀጠርኳትም። የስድስት ዓመት ልጅ መጋዘን የምትልክ አያት አይደለሁም። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምኩት ሥርዓት ጠፍቶኝ ሳይሆን፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ስለደረሰሽ ነው። አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? ሙቀቱስ? አሠሪዎችሽ የዕረፍት ቀንሽን ይሰጡሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽም ጤነኛ ናት፤ ጤንነቷማ ከቤት ተርፎ ጎረቤት ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህሯ አንድ ቦታ አልቀመጥ አለች እያለች ብትከሳት ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ጆሮዋም ዓይኗም ደህና ነው፣ አእምሮዋም ንቁ ነው፤ የሚያስቸግራት ትኩረቷን አንድ ነገር ላይ ማቆየት ነው አሉኝ። ፊርዶስ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኪቶ ፉርዲሳ ግቢ እየመጣች እንዲህ ያሉ የሰፈራችንን ልጆች ታሠለጥናለች። ሥልጠናው ምን መሰለሽ? ጨዋታ! የእንስሳ ስም ትጠራለች፤ ልጆቹ የሚያጨበጭቡት ላም ሲባል ብቻ ነው። ተራ መጠበቅ ይለማመዳሉ፤ ትንሽ ሠርተው ያርፋሉ። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ጎበዝ ይባላል። እኛ ስንቀመጥ ማንም ጎበዝ አላለንም፤ ካልተቀመጥን ግን የሚጠብቀንን እናውቅ ነበር።

ፊርዶስ ቤትም እንዲሁ ያለማምዷት ብትለኝ፣ ጨዋታ ስለማላውቅበት የማውቀውን ሰጠኋት። ለቤታችን ከሚቆላው ቡና በትንሽ ሰፌድ ዘግኜ፣ ጥቁሩንና የተሰበረውን ለይተሽ አውጪ አልኳት። ይህን ያየችው ጎረቤታችን የፋሪዳ እናት ናት። ለልጇ ደወለች፤ ፋሪዳም አብራሽ ትኖራለችና ለአንቺ አደረሰች። መጋዘኑን መንገድ ላይ ማን እንደጨመረበት እነሱ ይወቁት።

ይገርምሻል፣ ፍቅር ተቀመጠች! ምላሷን አውጥታ፣ እግሯን እንኳ ሳታወዛውዝ ለቅማ ጨረሰች። ደስ ቢለኝ ሌላ ሰፌድ ሞላሁላት። በማግሥቱም እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ በአንድ የለየችውን መጥፎ ፍሬ መልሳ ከደህናው ጋር ትቀላቅለዋለች! ብቆጣ አልሰማ አለች፤ ብለማመጣትም ያው። ለፊርዶስ፣ ሥልጠናሽ ልጅቷን አባሰብኝ ብዬ ብነግራት ሳቀችብኝ። «ወላሂ እማማ ብርሃንነሽ፣ እኔም ብሆን እቀላቅለዋለሁ። በጨረሰች ቁጥር ሌላ ከሞሉላት ለምን ትጨርስ?» አለችኝ።

በእኛ ጊዜ ቀድሞ ለጨረሰ ተማሪ ተጨማሪ ሂሳብ ይሰጠው ነበር፤ ክብር ነበር። ልጅሽ ግን ቅጣት መሰላት። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም፤ በማን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

በስልክ፣ ክረምት ሲገባ ፍቅርን አጋሮ ወደ አባቷ እህት እልካታለሁ ብለሻል። አትላኪያት። እዚያ ሥልጠና የለም፤ አክስቷስ ሱቋን ትጠብቅ ወይስ ልጅቷን? እኔ ቁጡ ነኝ፣ ክጄም አላውቅም። ነገር ግን ልጅቷ ተቀምጣ የታየችው እዚህ፣ እኔው ፊት ነው። እስከ መስከረም ጊዜ ስጪኝ። ያኔም ካልተለወጠች እኔው ራሴ አጋሮ አደርሳታለሁ።

አብራችሁ ለምትኖረው ለአሚራ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ለሳሏ ሎሚና ማር ትጠጣ። ፋሪዳንም ሳሚልኝ፤ ወሬ ስታቀብል ግን እንደተቀበለችው ታቀብል። ፍቅር እናቴን ናፍቄያለሁ በይልኝ ብላ፣ ሳልጽፈው መልሳ ሮጠች።

ነገ ከሁሉ በፊት ሐሳቧን እንዳይበትነው ሬዲዮኑን አጠፋለሁ። ፍቅርን ዓይን ዓይኗን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አዛታለሁ። አንድ እፍኝ ቡና ሰፌዱ ላይ አደርግላትና የቀረውን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን ለፋሪዳ እናት እሰጣለሁ፤ እጄን አላምነውምና። ስትጨርስ ወጥታ እንድትጫወት የቤቱን በር እከፍትላታለሁ።

እናትሽ ብርሃንነሽ
ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.