አባቴን ስላስታወሳችሁት

ለተከበሩ ዶክተር ይሳቅ፣
የ«ንቁ አእምሮ» የአረጋውያን ሕክምና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣
ድሬዳዋ

የከተማችን ሙቀት ሳይበግርዎ፣ ማሽኖችዎም መብራት ሳይጠፋባቸው፣ ሙሉ ጤና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ሙልኪ ፋራህ እባላለሁ፤ የጡረተኛው የባቡር መካኒክ የፋራህ ልጅ ነኝ። አባቴ ስሜን ረስቶ ነበር። እናንተ በጨው ውሃ የራሰ ስፖንጅ ግንባሩ ላይ አስራችሁ፣ ቆዳ ሳትቀዱ፣ ደም ሳታፈሱ፣ ስስ ኮረንቲ ለቀቃችሁበት። ስሜን አስታወሰ። ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አንደኛ፤ የሚጥል በሽታ እንዳለበት፣ ራሱ ውስጥ ብረት እንዳለ በትሕትና ጠይቃችሁናል። ወንበር ላይ አስሮ ሽቦ ያስነካው ሰው እንዳለ አልጠየቃችሁም። ብትጠይቁም አላውቅም ነበር። የማውቀው ጥርስ እንደሌለውና በጎረቤታችን በዓምራን በር ሲያልፍ እንደሚተፋ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ መርሳት ሲጀምር መትፋቱንም ረሳ። አንድ ከሰዓት ሄዶ ከዓምራን ጋር በርጫ ላይ ተቀመጠ። ዓምራንም ጥርስ ለሌለው አባቴ ጫቱን በሙቀጫ እየወቀጠ በማንኪያ ያጎርሰው ጀመር። እኔም አዴር፣ አጎቴ፣ እያልኩ እጁን ሳምኩ። ያንን እጅ። ተጸጽቶ ይሆን፣ ወይስ ምስክሩ ስለጠፋ ደስ ብሎት?

ሦስተኛ፤ ከመጨረሻው ቀጠሮ በተመለስን ዕለት አባቴ ማንኪያ የያዘውን እጅ ሲያየው ቆየ። «ዓምራን፣ አፌ ውስጥ የጠቀጠቅከው ጨርቅም ጨው ጨው ይል ነበር» አለው። በቀይ ሽብር ጊዜ የመረመረው ማን እንደነበር ያኔ ገባኝ። አባቴ ዘነዘናውን አነሳ። የዓምራን ጥርሶች ሙቀጫው ውስጥ፣ ከተወቀጠው ጫት ጋር ወደቁ። መንጋጋው ሲሰበር ሰማሁ። እስክንይዘው ድረስ መታው። ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ በደም በራሰ እጁ ፀጉሬን እየዳሰሰ፣ ሙልኪ አለኝ። በትክክል።

አራተኛውን ባልጽፈው እመርጣለሁ። አሁን እርጥብ ፎጣ ሲያይ ይጮኻል። ሳጥበው በቡጢ ይመታኛል። ከዚያ በስሜ እየጠራ ይቅርታ ይለምነኛል።

ስለዚህ መሣሪያው ወደ ኋላ የሚዞር ከሆነ፣ እንዲያዞሩልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ስሜም አብሮ ይሂድ።

ትዝታው የተሟላለት አባት ያላት፣ ከንፈሯ ስላበጠ ምስጋናዋን በጽሑፍ ለማቅረብ የተገደደች፣
ሙልኪ ፋራህ
ከከዚራ

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ዓምራን ከተመታ ወዲህ መርሳት ጀምሯል። ፋራህ ለምን ቀረ እያለ፣ ጫቱን ወቅጦ ይጠብቀዋል አሉ። ልጆቹ ወደ እናንተ ሊያመጡት ነው። እባክዎ አይመልሱት። ማሰሪያውን ጠበቅ፣ ስፖንጁን ረጠብ አድርጉለት። ጨውም አትንፈጉት። እሱም ያስታውስ።