እንደ ማሲንቆ የምትጮህ ጊታር

ሰኞ፣ ኅዳር 3/2005

ዛሬም ያው። ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት ልምምድ፣ የጊታሬ ድምፅ እንደ ትናንቱ ቆሻሻ። ድምፅ የምትለዋውጠውን ትንሿን ዲጂታል ኢፌክት ከፊት፣ በእግር የሚረገጡትን ሁለት አሮጌ ፔዳሎች ከኋላ አድርጌ ሞከርኩ። ኤኮው ድምፅ በሚያሻክረው ፔዳል፣ በዲስቶርሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ጭቃ ሆነ። ከበሮ መቺው ሰይድ ወፍጮ ቤት የገባሁ መሰለኝ አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ደክሞኛል ደብተሬ።

እዚህ ያለሁት በጊዜያዊነት ነው፣ አንተም ታውቃለህ። በወረዳው የኪነት ቡድን ውስጥ ደመወዝ ያላት የክር መሣሪያ መደብ አንዲት ናት። እሷም የጋሽ ሞላ ናት፣ የማሲንቆው ሰው። ለእኔ በዝግጅት ሰሞን አበል ይታሰብልኛል፣ ከዚያ ወደ ቤትሽ። ወደ ቤት ማለት ወንድሜ እንድሪስ ጋ ማለት ነው። እንድሪስ ጋ ማለት ደግሞ ቪዛ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

እንድሪስ ከደሴ መጣ። ኤጀንሲው ተስማምቷል፣ ቪዛው እየወጣ ነው፣ ፓስፖርትሽን አዘጋጂ አለኝ። ኩዌት። እንደገና። እማ ምስር ስትለቅም ነበር። ቀና አላለችም። እሷ እንድሄድ አትፈልግም፣ ግን አትሂጂ ካለች የምታበላኝ ነገር እንዲኖራት ትፈልጋለች። ስለዚህ ዝም።

አራት ዓመት የሰው ቤት አጥቤያለሁ። በረኪናው የጣቶቼን ጫፍ ልጦ ልጦ አሁንም ብርድ ሲነካቸው ይሰነጠቃሉ። ጊታር ይዤ ስቀመጥ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሥቃይ ናቸው። ጊታሯም፣ ፔዳሎቹም፣ ትንሿ ዲጂታልም ከዚያው ቤት ናቸው። የማዳሜ የበኩር ልጅ ለትምህርት ሲወጣ ይኼን ሁሉ ጣይልኝ ብሎ ሄደ። እሺ አልኩ። ሻንጣዬ ውስጥ ጣልኩት። ሰው ከኩዌት ወርቅ ይዞ ይመጣል፣ እኔ ሽቦ ይዤ መጣሁ እያለ እንድሪስ ሲያፌዝብኝ ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ጋሽ ሞላ ዛሬ ሁለት ቦታ ተሳሳተ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ከክረምት ወዲህ አይታዘዙለትም። ቀስ ባለው ላይ አይታወቅም፣ ፈጣኑ ላይ ከከበሮው ኋላ ይቀራል። ሁላችንም እንሰማለን፣ ማንም አይናገርም። ሰይድ ከበሮውን ቀስ ያደርግለታል። ጋ/ሞላ ደግሞ ሰይድን፣ ምነው ዛሬ ምሳ አልበላህም እንዴ ይለዋል።

ከልምምድ በኋላ አቶ ግዛው፣ የቡድኑ አስተባባሪ፣ ለብቻዬ ጠራኝ። ለዞኑ ውድድር ደሴ መውረዳችን ነው። ያቺ ሣጥንሽ የማሲንቆ ድምፅ ታወጣለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሽማግሌውን ለማገዝ ያህል፣ ከሥር ከሥር። ክፉ ሰው አይደለም አቶ ግዛው። እሞክራለሁ አልኩ። በልቤ ያሰብኩትን ልንገርህ? ይኼ ከተሳካልኝ አይለቁኝም ብዬ አሰብኩ። አበል በአበል እየተባለም ቢሆን፣ ብቻ እዚሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 9

ቀኑን ሙሉ ከሽቦ ጋር። ዲጂታሏ ውስጥ የሌለ ድምፅ የለም። የመርከብ የሚመስል አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሚመስል አለ። ማሲንቆ ብቻ የለም። የሠራት ሰው ከተማችንን መካነ ሰላምን አያውቃት፣ ምን ያድርግ።

ግን አንድ ነገር ገባኝ። አሮጌው ዲስቶርሽን ከፊት ነው መሆን ያለበት። መጀመሪያ ጊታሯን እሱ ያሻክራታል፣ ከዚያ ዲጂታሏ የሻከረውን ተቀብላ ታለሰልሳለች፣ ኤኮዋን ትጨምራለች። ጭቃው ጠፋ። ደስ ሊለኝ ሲል ደግሞ ሲርርር የሚል ጩኸት። ሦስቱንም ከአንድ አዳፕተር አስሬያቸው ኖሯል፣ የዲጂታሏ ጩኸት በኤሌክትሪኩ በኩል ወደ ፔዳሎቹ ይገባል። መለየት አለባቸው። ሁለተኛ አዳፕተር ከየት ይምጣ? የአዳራሹ ዘበኛ የገመድ አልባውን ማይክ ለማለቅ የተቃረቡ ባትሪዎች አይጥልም፣ ጆንያ ውስጥ ያጠራቅማቸዋል። ባለ አራት ማዕዘኖቹን ዘጠኝ ቮልት ለምኜ ወሰድኩ። ፔዳሎቹን በባትሪ፣ ዲጂታሏን በመብራት። ጸጥ አለ። እንዴት ያለ ጸጥታ።

ደግሞ ስማ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ዲስቶርሽኑ ሌላ ይሆናል። ጉልበቱ ያንሰዋል፣ ጉሮሮው ይደርቃል፣ የድምፁ ጫፍ ይቆራረጣል። የፈረስ ጭራ ክር ሲፋቅ እንደሚያወጣው። ፀጉሬ ቆመ። ሊያልቅ የደረሰ ባትሪ ፍለጋ ነገ ወደ ዘበኛው እመለሳለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል። ከተማው በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ኅዳርን ሲያጥን ዋለ። እኛ ክርስቲያንም እስላምም ተባብረን ሳልን።

ጋ/ሞላ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ እኛ ቤት ገባ። አሰሚኝ እስቲ አለ። አሰማሁት። ጉንፋን የያዛት ማሲንቆ ናት አለ። ሳቅን። ከዚያ ቁጭ ብሎ ይነግረኝ ጀመር። ድምፁ በአንዴ ይገባል፣ ሰው በር ሳያንኳኳ እንደሚገባው፣ ይኼ የማሲንቆ ጠባይ አይደለም አለ። ዲጂታሏ ላይ ድምፅን ቀስ አድርጎ የሚያስገባ አለ፣ ከፈትኩት። አሁንም በዛ አለ። ቀነስኩ። አሁን ትንሽ ጨምሪ አለ። ጨመርኩ። ስንቀንስ ስንጨምር እማ ሻይ አምጥታ ረስተነው ቀዘቀዘ።

አንድ ጊዜ ላይ እጁን አነሳ። በቃ አለ። ድገሚው። ደገምኩት። ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣ። በሩ ላይ፣ «ማሻ አላህ፣ እኔን ነው የሆነችው» አለ። እስላሙ እኔ፣ ማሻ አላህ ባዩ እሱ። ደስ ብሎት ይሁን ከፍቶት አላወቅሁም። ድምፁን ዲጂታሏ ውስጥ እንዳለ አስቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ሰኞ ግምገማ አለ። ለእኔ የመጀመሪያዬ ነው። ሥርዓቱን ሰይድ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ሰው ተነሥቶ ጠንካራ ጎኑንና ደካማ ጎኑን ይናገራል። ደካማ ጎን የለኝም ካልክ ግለ ሂስ አላደረገም ተብለህ ሙሉ ቀን ትበጠራለህ። ትልቅ ጥፋት ካወራህ ደግሞ በራስህ ላይ ፈረድክ። ስለዚህ ቡድኑ በዋዜማው ከአዳራሹ ጀርባ ይሰበሰብና ትናንሽ ጥፋቶችን ይከፋፈላል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት እንዳያመጣ። ሰይድ ስብሰባ ላይ ማንቀላፋትን ወሰደ። ተወዛዋዦቹ አንዷ ሞባይል፣ አንዷ የደንብ ልብስ አለማጠብ።

አንቺስ ዘሀራ አሉኝ። ማርፈድ አልኩ። ሁሉም ሳቁ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። ማርፈድ ለካ የጋ/ሞላ ነው። በየዓመቱ ሰዓት አላከብርም ይላል፣ በየዓመቱም ይታለፋል። የሚገርምህ፣ ከሁላችን ቀድሞ መጥቶ በር ላይ የሚጠብቀን እሱ ነው።

ሌላ እወስዳለሁ አልኩ። ጋ/ሞላ እምቢ አለ። «ተዉ፣ እንግዳ ናት፣ ቀላሉን ትውሰድ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ጥፋት አላጣም» አለ። አመሰገንኩት።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ግምገማው ዛሬ ነበር።

ተነሣሁ፣ አረፍዳለሁ አልኩ፣ ተቀመጥኩ። አለፈ። ሰይድም አለፈ። ጋ/ሞላ ተነሣ። ጠንካራ ጎኑን ተናገረ። ደካማ ጎኔ፣ አለ እየቀለደ፣ ጣቶቼ አልፎ አልፎ ይዘገዩብኛል። ሰብሳቢው ከወረዳው ጽ/ቤት የመጣ ነው፣ ሲጽፍ የነበረውን አቁሞ ቀና አለ። ከመቼ ጀምሮ? ከክረምት። ሥራ ላይ ችግር ፈጥሯል? ጋ/ሞላ መዋሸት አይችልበትም። ፈጣኑ ላይ ትንሽ፣ አለ። ቡድኑ ሂስ አለው ወይ ተባለ። ሰይድ ጫማውን ያያል። እኔም ጫማዬን አየሁ።

አቶ ግዛው ሊያድነው ብሎ ተነሣ። ችግር የለም፣ የዘሀራ ጊታር የማሲንቆ ድምፅ ስለምታወጣ ይሸፈናል አለ። በዚያች ንግግር ጋ/ሞላ አለቀ። ሰብሳቢው እስቲ እንስማ አለ።

ተጫወትኩ። መብራቱ እንኳን ዛሬ አልወላወለም። አሳምሬ ነው የተጫወትኩት ደብተሬ፣ እሱ ነው አንጀቴን የሚያቃጥለው። አበላሽቼ መጫወት እችል ነበር። ያ ሐሳብ የመጣልኝ ከጨረስኩ በኋላ ነው። አጨበጨቡልኝ። ጋ/ሞላም አጨበጨበ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18

ተወሰነ። ጋ/ሞላ በጤና ምክንያት ከመደቡ ይነሣል። መደቡ ለእኔ። የማሲንቆውን ክፍል በጊታር እየሸፈንኩ። እስከ ሐሙስ መጥተሽ ፈርሚ አለኝ አቶ ግዛው፣ ዓይኔን ሳያይ።

ለእማ ነገርኳት። ማን ተነሥቶ እንደሆነ አልነገርኳትም። አልሐምዱሊላህ ብላ መሬት ስማ ተነሣች፣ ጎረቤት እስኪሰማ እልል አለች። ልጄ ከእጄ አትወጣም አለች። ከኩዌት ስመለስ እንኳን እንዲህ አልሆነችም። ምን ልበላት?

መተኛት አልቻልኩም። የሌላውን ማሲንቆ ላድን ብዬ ባልፈርም እኔን የሚያድነኝ ማነው? በረኪና። ብፈርም ደግሞ የሰውየውን ጥፋት ተውሼ፣ የሰውየውን ጉሮሮ ተውሼ፣ የሰውየውን እንጀራ ልበላ ነው። ይኼን ሁሉ ያደረግሁት ክፉ ሳላስብ ነው። ክፉ አለማሰብ ምንም አልረዳኝም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19

ጋ/ሞላ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ቤት ለእንግዳ አላለችኝም። ገብቼ ቆምኩ። እሱ የደጋኑን ጭራ እየቀየረ ነበር። አልፈርምም ልልዎት ነው የመጣሁት አልኩት። ታዲያ ምን ልትሆኚ ነው፣ ኩዌት? አለኝ። ተናደደ። ሲናደድ አይቼው አላውቅም። ለእኔ አዝነሽ ዐረብ አገር ሄደሽ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ እናትሽ ፊት እንዴት ልቆም ነው አለኝ። ብድር አታሸክሚኝ አለኝ።

ይቅር ይበሉኝ አልኩት። ጭራውን አስሮ ጨረሰ። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው፦

«መደቡ የመንግሥት ነው፣ ውሰጂው። ድምፁ ግን የእኔ ነው። እሱን መልሺልኝ።»

መንገዱን እንዴት እንደመጣሁት አላውቅም። ቤት ገብቼ ዲጂታሏን ከፈትኩ። ያን ድምፅ ፈልጌ አገኘሁት። ለማጥፋት ሁለት ጊዜ ተጫኚ ትላለች። ተጫንኩ። ቆየሁ። ደገምኩ። የቀነስነው የጨመርነው ሁሉ ሄደ፣ ብፈልግም ተመልሶ አይገጥምልኝም። ለብቻዬ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 20

ጽ/ቤት ሄድኩ። በጊታሬ ከሆነ እፈርማለሁ፣ በማሲንቆ ቦታ አልጫወትም አልኩ። አቶ ግዛው ትናንት የምትችይውን ዛሬ አልችልም ትያለሽ ወይ አለኝ። ድምፁ የለም፣ አጥፍቼዋለሁ አልኩት። ማሲንቆ ከፈለጋችሁ ጋሽ ሞላ አሉላችሁ፣ እኔ ስሠራበት በነበረው አበል ይሥሩ፣ ቀስ ያለውን እሳቸው ፈጣኑን እኔ እንይዛለን አልኩ። ይኼን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ። ለበላይ አቀርባለሁ፣ ግን ተስፋ አታድርጊ አለኝ። መደቡን ሊያጥፉትም ይችላሉ አለኝ። ይህን አውቄ ነው የገባሁት።

ቤት ስደርስ እንድሪስ በረንዳ ላይ። ኤጀንሲው ዛሬ ይፈልጋል፣ መኪናው እየጠበቀኝ ነው፣ ፓስፖርቱን አምጪ አለኝ። ሥራ እንዳገኘሽ እማ ነገረችኝ፣ የታለ ፊርማው? የለም አልኩት። ስለ ጋ/ሞላ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እማም እየሰማች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አለኝ። እውነቱን ነው። እጁን ዘርግቶ ጠበቀ። እማ በሩ ደፍ ላይ ቆማ ነበር፣ አሁንም አትሂጂ አላለችም፣ ሂጂም አላለችም።

ፓስፖርቱ የጊታሯ መያዣ ውስጥ ነው። የት እንዳለ ያውቃል። ሄጄ መያዣው ላይ ተቀመጥኩበት። አልሰጥህም አልኩት። ጮኸ፣ ለመነ፣ መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ሄደ።

ከጽ/ቤት መልስ የለም። ላይኖርም ይችላል። ነገ ልምምድ አለ፣ አበል ይኑረው አይኑረው አላውቅም። እሄዳለሁ። ኩዌት አልሄድም።