ኮፔዬን ትተው ጉልበቴን ለወሰዱት ዶክተር ቡርሃን

ለተከበሩ ዶክተር ቡርሃን፣ የሰመርሊን ሰፈሩ ክሊኒክ ባለቤት፤

በቅድሚያ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደህንነት፣ አዲስ የገዙትን ነጭ መኪናም ደህንነት ከልብ እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ቀመሪያ እባላለሁ፤ የሆቴል ክፍል አጽጂ ነኝ። ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው ሌላ በየቀጠሮው ከኪሳችን የምንከፍላትን ኮፔይ «ተዪው እህቴ፣ ለአላህ ብዬ ነው» እያሉ የሚመልሱላት ሴትዮ እኔ ነኝ። በግልጽ የምጽፍልዎት ደግነትዎ ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው፤ እርስዎም መስጊድ በር ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፉ አልደበቁትም።

አንደኛ፣ ስለ ዱዓው። እኛ የወሎ ሴቶች በረመዳን እጃችንን ዘርግተን ዱዓ ስናደርግልዎት ሰደቃው ከኪስዎ የሚወጣ መስሎን ነበር። ለካስ ከእኛ ትንሿን እየተዉ፣ ላላደረጉልን ሕክምና ሁሉ ኢንሹራንሳችንን ያስከፍሉታል። የእኔን ድርሻ ዱዓ እባክዎ ይመልሱልኝ።

ሁለተኛና ዋናው ጉልበቴ ነው። በኮሮና ተዘግቶ የነበረው ሆቴላችን ተከፍቶ ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ መነሳት አቃተኝ። ሌላ ሐኪም ለጉልበቴ የእንቅስቃሴ ሕክምና፣ ቴራፒ የሚሉትን አዘዘልኝ፤ ኢንሹራንሱ ጋ ብደውል «ለዓመቱ የተፈቀደልሽን ቴራፒ በዶክተር ቡርሃን ክሊኒክ ጨርሰሻል» አሉኝ። ክሊኒክዎ እኮ ከደም ግፊቴ በቀር የነካው ነገር የለም! በመጣሁ ቁጥር ታብሌቱ ላይ «እዚህ ጋ ፈርሚ» እየተባልኩ የፈረምኩት ለካስ ለእሱ ኖሯል። ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ምንድን ነው ብዬ እጠይቅ ነበር፤ በነጻ ያከመኝን ሰው ግን በምን አፌ ልጠይቅ? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታዬ ይህን ያህል ዋጋ እንደሚያወጣ ያወቁልኝ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ስለሆኑ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ የሥራ ባልደረባዬን ሰኢዳን ያስታውሷታል? አምና ካዚኖዎቹ ተዘግተው ሥራዋም ኢንሹራንሷም ሲሄድ፣ አስሟ ተነስቶባት ብትመጣ ሙሉውን ካልከፈልሽ አትገቢም ተባለች። አቤት ብዬ ጉዳዬን የያዘልኝ የኢንሹራንሱ መርማሪ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ የተቸገረ ሰው ችግሩን ተጠይቆ ኮፔይ ቢቀርለት ሕጉም አይጠላውም፤ ለሁሉም በጅምላ እየተዉ ታካሚ መሰብሰብ ግን ሊያስከስስ ይችላል። እርስዎ የሌላትን ሙሉውን ክፈይ ብለው ላለን ተዉልን። መቼስ የተማረ ሰው አሠራር ለእኛ ለመሃይሞቹ አይገባንም።

የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእርስዎ ክሊኒክ ቴራፒ እንዳልወሰድኩ ለኢንሹራንሱ ያረጋግጡልኝ። አለቃዬ እስከ ወሩ መጨረሻ ድኜ ካልተመለስኩ ቦታዬን ለሌላ ሰው እንደምትሰጥ ነግራኛለች። ሥራው ሲሄድ ኢንሹራንሱም ይሄዳል፤ ያኔ ደግሞ እንደ ሰኢዳ እኔንም እንደማያውቁኝ አውቃለሁ።

ደግነትዎ በዝቶባት ማነከስ የጀመረችው አክባሪዎ፣
ቀመሪያ
ከኢንተርፕራይዝ ሰፈር፣ ላስ ቬጋስ፣ ሴፕቴምበር 2021

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ፣ መርማሪው ክሊኒክዎን ጠይቆ ኖሮ እንግዳ ተቀባይዎ ናጃት ደወለችልኝና፣ «እትዬ ቀመሪያ፣ ዶክተር ለተፈጠረው ስህተት ካሳ ይሁንዎት ብለው የሚመጣውንም ዓመት ኮፔይ ትተውልዎታል» አለችኝ። ወዲያው ለመርማሪው ደውዬ ነገርኩት። ደስታው ልክ አልነበረውም፤ እስኪ ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ፣ እየጻፍኩ ነው አለኝ።