ብቻዋን የበራችው መብራት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 2008

ቡናው ረጠበ! ይርጋጨፌ አጠገብ ካለው ከኢዲዶ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተደውሎልኝ ነው የሰማሁት። ቡናው የሚሰጣበት አልጋ ግማሹ ሸራ ሳይለብስ ዝናብ ወረደበት። የማጠቢያ ጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ታደሰ፣ "ያንቺ ዕቃ ምንም አላጠፋ፤ ጠባቂዋ ብርቄ ተኝታ ነው" አሉኝ። እኔም እፎይ አልኩ። እፎይ! ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

የመመረቂያ ፕሮጀክቴ አሥር ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቁልፍና አንድ መብራት አለ። ሽቦ የላቸውም። አንዱ የሰማውን ለጎረቤቱ እያቀበለ ምልክቱ ከኮረብታው አናት እስከ ታችኛው መጋዘን ይወርዳል። እትዬ ብርቄ አናት ላይ ሆና ዝናቡን ቀድማ ታያለች፣ ቁልፉን ትጫናለች፣ ታች ያሉት ሮጠው ቡናውን ያለብሳሉ። ድሮ በጩኸት ነበር፤ ከታች "ሰማን!" እስኪሏት አታቆምም። "ከእንግዲህ ጉሮሮሽን አታድክሚ፤ መብራቱ ከበራልሽ ሰምተውሻል" ያልኳት እኔ ነኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 15

ከዲላ በሚኒባስ፣ ከይርጋጨፌ በሞተር። የእንሰቱ ቅጠል ገና ውሃ ያንጠባጥባል። አናት ላይ ወጥቼ ተጫንኩ። የኔው በራ። ቀጣዩም በራ። ከእንሰቱ ማዶ ያሉት ግን ወይ ፍንክች። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ያው ነው። እርጥብ ቅጠል ምልክቱን ይበላዋል። ለዝናብ የሠራሁትን ዕቃ የፈተንኩት በፀሐይ ቀን ብቻ ነበር!

ከዚህም የባሰ አለ። የላኪው መብራት የሚበራው ከታች መልስ ሲመጣ አይደለም፤ ገና ቁልፉ ሲነካ ነው። መልስ መጠበቁን ከኮዱ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሰው ባሳየሁበት ዲሞ ላይ እያዘገየ አስቸገረኝ፤ እኔ ደግሞ ጭብጨባ ፈልጌ ነበር።

ለጋሽ ታደሰ "ገና እያየሁት ነው" ብዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 16

እትዬ ብርቄን ከሥራ አስወጥተዋታል። ቤቷ ሄድኩ። "እኔ ቁልፉን ነክቻለሁ ልጄ። መብራት በራች፤ ሰሙ ብዬ የላይኛውን አልጋ ማልበስ ጀመርኩ" አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ቆጮ አቀረበችልኝ። በላሁ። በላሁ እኮ!

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ዝም ያልኩባቸው ምክንያቶች፦
ምርቃቴ።
አባቴ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል።
ጋሽ ታደሰ ሲቆጡ አያድርስ ነው።
ምናልባት ራሳቸው ይመልሷት ይሆናል።

መልሼ ሳነባቸው አንዱም ስለ እሷ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እስኪጠራ ድረስ ግን የሚጠቁረው የእትዬ ብርቄ ስም ነው።

አንድ ነገር ተሳክቷል፤ ኮዱን አስተካከልኩ። አሁን ከታች መልስ ካልመጣ መብራቱ አይበራም። ይዘገያል። ይዘግይ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 18

ተናገርኩ። ጋሽ ታደሰን እቤቷ ድረስ ይዤ ሄጄ፣ ሁለቱም ፊት። እሳቸው ወደ እሷ ዞረው "ሰኞ ሥራሽን ጀምሪ" አሏት። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። ሳጥኖቹ ይነቀሉ ብለዋል፤ አማካሪ መምህሬም መስማቱ አይቀርም።

እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "መቼ አወቅሽ?"

"ረቡዕ።"

"ትናንት ልጄ ከትምህርት ቤት አልቅሳ መጣች። 'እናትሽ እንቅልፋም' ብለዋታል።"

ይቅርታ አልኳት። "እሺ" አለችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኳት። ሰኞ ሳጥኖቹን ልነቅል እሄዳለሁ። ታናግረኝ እንደሆነ አላውቅም።