የወንድሜ ቃል ያለባት ደብዳቤ

ሐርጌሳ፣ መጋቢት 4 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አካሌ ደህና ነው፤ ትምህርቴንም አላቋረጥሁም። ከትምህርት ቤት ስገባ ግን የወንድሜ የአቻምየለህ ፍራሽ እንደተጠቀለለ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ልዘረጋውም ላነሣውም አልቻልሁም።

ያስጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ከአርባው ወዲህ የወንድሜን ደብዳቤዎች በየእሑዱ ዲያቆኑን እያስነበብሽ ድምፁን የምትሰሚ እንደሚመስልሽ ነግረሽኛል። ይህን ካነበብሁ ጀምሮ እህል አይወርድልኝም። እናቴ፣ የዚያ ድምፅ አብዛኛው የኔ ነው።

አቻምየለህ ፊደል እንዳልቆጠረ ታውቂያለሽ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። "አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ በጦርነቱ የፈረሰ ቤት ግንብ መልሼ አቆምሁ፤ እግዚአብሔር ዓይንና ጉልበት ሰጥቶኝ ነው በልልኝ" ይለኛል። እኔ ሲነበብልሽ የአገራችን ሰው እንዲደነቅ ብዬ "በሐርጌሳ ከኔ የሚስተካከል ግንበኛ የለም" እላለሁ። "ታናሼ አንደኛ ወጣ፤ ፈጣሪ ረድቶት ነው" ሲለኝ፣ "በገዛ ጭንቅላቱ" ብዬ እጽፋለሁ። አንብብልኝ ሲል ደግሞ እሱ እንዳለው አድርጌ አነብለታለሁ።

እሱ እንዲያ አልነበረም። አሠሪው ቡራሌ አንድ ቀን፣ "አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ አይሳሳትም፤ ግንቡ መቅናቱን ለማየት ይህን ቱንቢ ለምን ታንጠለጥላለህ?" ብሎ ቀለደበት። አቻምየለህ ገመዱን እንደያዘ፣ "ዓይኔን የሰጠኝ ሌላ ነው፤ ዛሬም ትቶልኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?" አለው። ቡራሌ ሳቀና "ወላሂ፣ ልክ ነህ" አለ። ከመወጣጫው የወደቀ ዕለት ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሰውም ይኸው ቡራሌ ነው።

አምና "ልጄ፣ ምነው ትዕቢት ጀመረህ? የሰጠህን ረሳኸው ወይ?" ብለሽ አስጽፈሽ ነበር። ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብሁት። እሱ የእጁን ሲሚንቶ እየታጠበ ነበር። መታጠቡን አቆመ። ውሃው ከጣቶቹ ይንጠባጠባል፣ እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ቆይቶ፣ "እውነቷን ነው። በል ወረቀት አምጣና፣ እናቴ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ፣ ጸልይልኝ ብለህ ጻፍ" አለኝ። ምን ጽፈህ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። ከዚያም ወዲህ አንሥቶት አያውቅም። ለጥምቀት እነግረዋለሁ እያልሁ ነበር። ጥምቀትን አላየም።

ያቺን ደብዳቤ ፈልጊያት። አጭር ናት፤ ጥጓ ላይ የእርጥብ እጁ ምልክት አለባት። እሷን ብቻ ሳልጨምር ሳልቀንስ ጽፌያታለሁ። ሌሎቹን ተያቸው፤ ለዲያቆኑም የታናሹ ናቸው በይው። እሑድ እሷን አስነብቢ። አቻምየለህ እሷ ውስጥ አለ።

ይህን ለመጻፍ ድፍረቱን የሰጠኝ እግዚአብሔር ላንቺም መጽናናቱን ይስጥሽ፤ ዕድሜሽንም ያርዝምልኝ።

ይቅርታሽን የሚጠብቀው
ታናሹ ልጅሽ