የደም አድራቂው አፍ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3፣ ጠዋት
አባባ ለሶላት መታጠቡን፣ ውዱኡን፣ ሦስቴ ጀመሩ። እግራቸው ላይ ሲደርሱ ድመቷ ታልፋለች፣ እሷን ያያሉ፣ ይረሱታል፣ እንደገና ከእጅ። ሳቄ መጣ። እሳቸውም ሳቁ! ስሚኝማ ደብተሬ፤ አርባ ዓመት ሙሉ የገዳይና የሟች ቤተሰብ እያስታረቁ፣ ደም እያደረቁ ሲኖሩ ጥርሳቸውን አይቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ እኔ ቤት ከገቡ ወዲህ ቀልድ በቀልድ። ባለሱቋን ምን በልተሽ ነው እንዲህ የሰባሽው አሏት። ሞትኩ በሳቅ። አልሃምዱሊላህ፣ በሃምሳ ዓመቴ አባት አገኘሁ።

ረቡዕ 5፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ጎረቤቴ ዘይነባ መጣች። ገና ሳትቀመጥ አባባ ቢስቲማ ያለው ልጅ አደገ ወይ አሏት። የምን ልጅ? አለች። የባልሽ ነዋ፣ ከዚያችኛዋ የወለደው፣ ያኔ ሳስታርቃችሁ ለእኔ የነገረኝ። እየሳቁ ነው የሚሏት። ዘይነባ ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ሃያ ዓመት የተቀበረ ነገር! ዛሬ አልሳቅሁም።

አርብ 7
ደሴ፣ ሐኪም ዘንድ። ጠረጴዛውን አንዴ ስመታ ይምቱ፣ ሁለቴ ስመታ ግን እጅዎን አያንሱ አላቸው። አባባ ሕጉን ደገሙለት፣ አንድም አልሳቱ። ሁለቴ መታ። መቱ። እንደገና ሁለቴ። መቱ። "አውቀዋለሁ እኮ ልጄ፣ እጄ ቀደመኝ!"
ለብቻዬ ጠራኝ። የአእምሮ መድከም ጅማሬ ነው አለኝ። ትዝታቸው ገና ደህና ነው፤ የላላው ሐሳብ መሰብሰቡና ራስን መግታቱ ነው። መከራው እኮ እሱ ነው! አንድም አልረሱ፣ አንድም ምስጢር አይዙ።

እሑድ 9
የሐርቡ ሽማግሌዎች መጡ። ሐሙስ ደም ሊደርቅ ነው። ሁለቱ ወገን ይቀመጣል፣ አባባ መሐል። ገዳዩ የተደበቀበትን እናቱ ለአባባ ብቻ ነግራለች፤ ወጉ ነው፣ እርቁ እስኪያልቅ ቦታውን አስታራቂው ይይዛል። የሟች ወንድሞች ደግሞ ፊት ለፊታቸው ሊቀመጡ! ሽማግሌዎቹን ስሸኝ በር ላይ ልናገር አልኩ። አፈርኩ። አባባን ሐጂ አእምሯቸውን ሳቱ ላስብል? እኔ ወሬኛዋ፣ በሰላም ግቡ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ 11
ምሳ ላይ እንደ ሐኪሙ ትሪውን ሁለቴ መታሁ። መቱ። ሁለቴ። መቱ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ እንጀራውን እየጠቀለሉ፣ ገዳዩ ያለበትን መንደር፣ የማን ቤት እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚገባ። ሁሉንም ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ረቡዕ 12፣ ጠዋት
ለሽማግሌዎቹ ደወልኩ። አባባ አይቀመጡም አልኩ፣ ምክንያቱንም ሳልደብቅ። ቀጥሎ ለገዳዩ እናት። ልጅሽን ካለበት አንሺው፣ ዛሬውኑ አልኳት። የት እንዳለ አንቺ በምን አወቅሽ አለች። አባባ ነገሩኝ። ወላሂ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ሲል ሰማሁት። አዲሱን ቦታ ለእሳቸው እንዳትነግሪ፤ ለእኔም አልኳት።
ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አባባ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው በር ላይ። መኪናው ቀረ ወይ ይላሉ። ነገ ነው አልኳቸው። ነገ ሲጠይቁኝ ደግሞ ምን እላቸዋለሁ?